ዜጋ ሳልሆን የመንደራችን ፓሪሽ ካውንስል ስብሰባ ላይ መናገር እችላለሁ? የአሎትመንት መሬታችን ሊወሰድ ነው

ባቄላ_ተካይ፦

ሰላም ወገኖች። እንግሊዝ ገጠር የምትኖሩ ካላችሁ እባካችሁ ምክራችሁን ለግሱኝ።

ከለንደን ወጥተን ሳፎክ ውስጥ አንዲት ትንሽ መንደር ከገባን 5 ዓመት ሆነን። ባለቤቴ ሥራ ያገኘው እዚህ አካባቢ ስለሆነ ነው የመጣነው። ሱቅ የለም፤ አውቶቡሱ በቀን ሦስቴ ነው የሚያልፈው፤ ሐበሻ እኛ ብቻ ነን። የመጀመሪያው ክረምት በጣም ከብዶኝ ነበር። በር ዘግተሽ ትውያለሽ፣ መንገድ ላይ ሰው አይታይም፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይጨልማል።

ከቤት ያወጣኝ አሎትመንት ነው። ለማታውቁት፣ ጓሮ የሌለው ወይ የጠበበው ሰው አትክልት እንዲተክልበት በዓመት ኪራይ የሚሰጥ መሬት ነው። የኛ መንደር ሜዳ የፓሪሽ ካውንስሉ፣ ማለትም የመንደሩ ትንሽ ምክር ቤት ነው። እኔ ግማሽ ቁራሽ ይዤ በዓመት 28 ፓውንድ እከፍላለሁ። ጎመን፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ባቄላ አለኝ። በሶብላ ሞክሬ ብርዱ ገደለብኝ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከኔ ቀጥሎ ያለውን ቁራሽ የሚያርሱት ሰውዬ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ደህና ዋልሽ» ብቻ ነበር የምንባባለው። አንድ ቀን ሰኔ ላይ ባቄላው እሸት ደርሶልኝ ቆሜ እየፈለፈልኩ እበላለሁ፣ ቀና ስል ሰውዬው መቆፈሪያቸውን ተደግፈው ያዩኛል። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ባቄላ ተክለዋል፣ ግን ሳይቀቀል በልተው አያውቁም። አንዱን ዛላ በአውራ ጣቴ ከፍቼ ሰጠኋቸው። ፍሬውን አንድ በአንድ አላመጡት፣ ምንም አላሉም። በማግስቱ ስመጣ መግቢያዬ ላይ አንድ ቅርጫት ሙሉ እሸት ተቀምጦ አገኘሁ። ከዛ ቀን ጀምሮ ቤተሰብ ነን።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። ባለፈው ሳምንት አውቶቡስ መጠለያው አጠገብ ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ መስታወቱ ውስጥ፣ የሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ተለጥፎ አየሁ። ተራ ቁጥር 9 «የአሎትመንቱን ደቡባዊ ክፍል ለመንደሩ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ስለማዋል» ይላል። ደቡባዊው ክፍል እኔና ሰውዬው ያለንበት ነው! ስብሰባው የፊታችን ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ነው።

ሄጄ መናገር እፈልጋለሁ። ግን ዜጋ አይደለሁም፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ነው ያለኝ፣ የዜግነት ማመልከቻ የማስገባው ገና በሚመጣው ዓመት ነው። ባለቤቴ «ዝም አይነቅዝም፣ ወረቀትሽን አስቢ» ይለኛል። ደግሞ እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃል እንጂ ሰው ፊት ቆሞ ለመከራከር እንጃ። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ? የወሰናችሁ፣ የሄዳችሁ፣ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ኖርፎክ_ገጠሬ፦

እህቴ ሂጂ። አሁኑኑ ካሌንደርሽ ላይ ጻፊው።

እኔ እዚሁ ጎረቤትሽ ኖርፎክ ውስጥ የአንድ ፓሪሽ ካውንስል አባል ነኝ። በምርጫ ተወዳድሬ አይደለም። አንድ ወንበር ተጓደለ፣ ምርጫ ይካሄድ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፣ ካውንስሉ ራሱ መርጦ አስገባኝ። ኮ-ኦፕት ማድረግ ይሉታል። ብዙ መንደር ውስጥ አባላቱ የሚገቡት እንደዚህ ነው። ደሞዝ የለውም። ደሞዝ ያላት ጸሐፊዋ ናት፤ ክለርክ የሚሏት። እሷን በደንብ ያዢያት፣ ሥራው ሁሉ የሚያልፈው በሷ እጅ ነው።

መጀመሪያ ፍርሃትሽን ላቅልልሽ። ፓሪሽ ካውንስል ቀበሌ አይደለም። እኛ ሐበሾች «ካውንስል» የሚለውን ቃል ስንሰማ መታወቂያ የሚሰጠው፣ ፋይል የሚይዘው፣ ማን ምን አለ ብሎ የሚመዘግበው ቢሮ ነው የሚመጣብን። ይሄኛው ከስደተኛ ወረቀት ጋር ምንም አያገናኘውም። ሥራው አግዳሚ ወንበር፣ የልጆች መጫወቻ፣ የመቃብር ቦታ፣ የአውቶቡስ መጠለያ፣ አንዳንድ ቦታ የመንገድ መብራት፣ እና እንዳንቺ ያለው የአሎትመንት መሬት ነው። ለኔ ከቀበሌ ይልቅ ወደ እድር ይቀርባል። ልዩነቱ እድር መዋጮ ይሰበስባል፣ ይሄ ደግሞ በካውንስል ታክስሽ (ለአካባቢ አስተዳደር በየቤቱ በሚከፈለው ግብር) ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው። ሂሳብሽን አውጥተሽ እዪው፣ የፓሪሽሽ ስም ያለበት አንድ መስመር ታገኛለሽ። ፕሪሴፕት ይባላል። ስለዚህ ከፋይ ነሽ፣ ባለቤት ነሽ፣ እንግዳ አይደለሽም።

ስብሰባ መግባት መብትሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ ሕግ አለ፣ እንደነዚህ ያሉ ካውንስሎች ስብሰባቸውን ለሕዝብ ክፍት እንዲያደርጉ የሚያስገድድ። ያንን ሕግ ያቀረበችው በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነችው ማርጋሬት ታቸር ናት፣ ያኔ አዲስ የፓርላማ አባል ነበረች። ሕጉ «የሕዝብ አባል» ነው የሚለው፣ ፓስፖርት አይጠይቅም። መናገርን በተመለከተ ደግሞ ሕጉ ሳይሆን የካውንስሉ የራሱ ደንብ ነው የሚወስነው። አብዛኛው ካውንስል መጀመሪያ ላይ ለነዋሪ ጊዜ ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ። ለጸሐፊዋ ዛሬ ኢሜይል ጻፊላትና «ተራ ቁጥር 9 ላይ መናገር እፈልጋለሁ» በያት። ይበቃል።

አሁን ዋናው ነገር። መሬቱ ምን ዓይነት አሎትመንት እንደሆነ ጠይቂ። ካውንስሉ መሬቱን ሲገዛ ወይ ሲረከብ በተለይ ለአሎትመንት ብሎ ከሆነ፣ በ1925 የወጣው ሕግ ይጠብቀዋል። ያለ ሚኒስትሩ ፈቃድ ሊሸጡት ወይ ለሌላ ነገር ሊያውሉት አይችሉም። ለሌላ ዓላማ የተያዘ ሆኖ ለጊዜው ለአሎትመንት የተሰጠ ከሆነ ግን ያ ጥበቃ የለውም። ብዙ ጊዜ አባላቱ ራሳቸው የቱ እንደሆነ አያውቁም! እኛ ጋ ተመሳሳይ ጥያቄ ተነስቶ መልሱ የተገኘው በእጅ ከተጻፈ አሮጌ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ነው። ፓሪሽ ካውንስል የተቋቋመው በ1894 ሕግ ስለሆነ የአንዳንዱ መንደር መዝገብ ከዛ ጊዜ ጀምሮ አለ፤ አሮጌው ብዙ ጊዜ ካውንቲው ቤተ መዛግብት ውስጥ ነው ያለው።

ስለዚህ 3 ደቂቃሽን ለልመና አታውዪው። አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ «ይህ መሬት የተያዘው ለምን ዓላማ ነው? ወረቀቱ ታይቷል ወይ?» ከዛ መልሱ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር ጠይቂ። ቁጭ በይ።

ግልጹን_ልናገር፦

ተስፋ ማስቆረጥ አይሁንብኝ እንጂ እኔ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ሦስቴም ተናግሬአለሁ፣ ሦስቴም «እናመሰግናለን» ተብዬ ወጥቻለሁ። የኔ ጉዳይ መንገድ ነበር። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት መኪና ይበራል፣ የሁለተኛ ክፍል ልጄ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ካውንስሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉም ለዘመናት የሚተዋወቁ ናቸው፣ ወሬውን ጨርሰው ነው የሚመጡት። ፊርማ አሰባስቤ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ቀን ቆጥሬ ሁሉ አቅርቤ ነበር። አንዱ አባል ፎቶዎቹን ሳያያቸው መልሶ ሰጠኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጊዜሽን ሌላ ነገር ሥሪበት፣ ማክሰኞ ማታሽን አታቃጥዪ።

ኖርፎክ_ገጠሬ፦

ወንድሜ ስለ ልጅህ እግዚአብሔር ይመስገን። ፎቶውን ሳያይ መመለሱ ነውር ነው፣ እኔ ብሆንም ይቆጨኝ ነበር።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ የሄድክበት ቦታ ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። ለዚህም ቢሆን ጥፋቱ የነሱ ነው፣ ሊነግሩህ ይገባ ነበር። መንገድ የፓሪሽ አይደለም። ሳፎክና ኖርፎክን በመሰለ ቦታ ሦስት እርከን አለ። መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ቤተ መጻሕፍት የካውንቲው ነው። ቆሻሻ መውሰድ፣ የግንባታ ፈቃድና ታክስ መሰብሰብ የዲስትሪክቱ ነው። ፓሪሹ ከሥር ነው። ስለ መንገድ ለካውንቲው ደብዳቤ ከመጻፍ ያለፈ ብዙ ሥልጣን የለውም። የግንባታ ማመልከቻም ሲመጣ አስተያየት ይሰጣል እንጂ አይወስንም። አሁንም ካልተፈታ ለካውንቲው የመንገድ ክፍል ጻፍ፣ በአካባቢህ የተመረጠውን የካውንቲ ተወካይ ስም ፈልገህ ግልባጩን ላክለት። ፖሊስ የሚያሠለጥናቸው ፈቃደኛ ነዋሪዎች ፍጥነት የሚለኩበት አሠራርም አለ፣ እኛ መንደር ሁለት ጡረተኞች ቢጫ ሰደርያ ለብሰው ቆመው ሲለኩ ሰው በእውነት ፍጥነት ቀንሷል።

የባቄላዋ እህታችን ጉዳይ ግን የተለየ ነው። መሬቱ የፓሪሹ ነው፣ ወሳኙም እሱ ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ያሉት ሰዎች እጃቸውን አውጥተው የሚጨርሱት ነገር ነው።

ከግላስጎው፦

ስለ ዜግነቱ ልጨምር። ድምፅ መስጠትና መናገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ብዙ ሰው ያደባልቃቸዋል።

እንግሊዝ ውስጥ የአካባቢ ምርጫ ላይ ድምፅ ለመስጠት የእንግሊዝ፣ የአየርላንድ ወይም የኮመንዌልዝ አገር ዜጋ መሆን አለብሽ፣ ከአውሮፓ ኅብረት አገሮችም አንዳንዶቹ። ኢትዮጵያ ኮመንዌልዝ ውስጥ የለችም። ስለዚህ የኬንያና የኡጋንዳ ጎረቤቶቻችን እንደመጡ ይመርጣሉ፣ እኛ ግን ፓስፖርቱን እስክናገኝ እንጠብቃለን። ይሄ ለኔ ሁሌም ቅር የሚለኝ ነገር ነው። 15 ዓመት ታክስ የከፈለ ሰው የመንደሩን ወንበር ማን እንደሚጠግን መምረጥ አይችልም። እዚህ ስኮትላንድ ከ2020ው ሕግ ወዲህ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ ዜጋ የአካባቢ ምርጫ ይመርጣል፣ ዌልስም እንደዛው። እኔ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርቴን እንደያዝኩ መርጫለሁ። የምርጫ ካርዱ ቤቴ ሲመጣ ፖስታውን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት።

እህቴ፣ አንድ ነገር ደግሞ አለ። በ1908 የወጣው የአሎትመንት ሕግ 6 ሰዎች ተሰባስበው በጽሑፍ አሎትመንት እንፈልጋለን ካሉ ካውንስሉ ጥያቄውን ማየት ግዴታው ነው ይላል። ስድስቱ ሰዎች መራጭ ወይም የካውንስል ታክስ ከፋይ መሆን ይበቃቸዋል። ታክስ ከፋይ! ይህ አንቺንም ይጨምራል። ቁራሽ ለማግኘት ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ካሉ ከነሱ ጋር ሆነሽ ጻፉ። ወረፋ ያለበትን መሬት አስፋልት ማድረግ ከባድ ነው።

የጥንት_ነዋሪ፦

ልጄ፣ እኔ ዊልትሸር ገጠር ውስጥ 26 ዓመት ኖሬአለሁ። ኖርፎክ ያለው ወንድማችን ሕጉን በደንብ ነግሮሻል፣ እኔ ሌላውን ልንገርሽ።

ከማክሰኞ በፊት መኪና ማቆሚያውን ማን እንደፈለገውና ለምን እንደፈለገው እወቂ። ሰው ክፉ ሆኖ ላይሆን ይችላል። እኛ መንደርም ይኸው ነገር ተነስቶ ነበር። ሳጣራ አዳራሹ ውስጥ ሐሙስ ሐሙስ ምሳ የሚበሉት አዛውንቶች ናቸው የጠየቁት። መኪናቸውን መንገድ ዳር ያቆማሉ፣ ጭቃ ላይ ይወርዳሉ፣ አንዷ ሴትዮ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። እሱን ሳላውቅ ተነስቼ ብናገር ኖሮ ያች ሴትዮ ፊት ምን እመስል ነበር? በመጨረሻ አጥሩን ትንሽ ገፋ አድርገው 6 መኪና የሚይዝ ቦታ አወጡ፣ አንድ ቁራሽ መሬት ብቻ ነው የተነካው።

ሁለተኛ፣ ብቻሽን አትግቢ። ሰውዬውን ይዘሽ ግቢ። እሳቸው የአገሩ ልጅ ናቸው፣ አንቺ ስትናገሪ አጠገብሽ መቀመጣቸው ብቻ ይናገራል። ከቻልሽ ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ ሂጂና ወንበር አብረሽ ደርድሪ። ስብሰባው ሲያልቅም ቶሎ አትውጪ። እኔ እዚህ መንደር ሰው የሆንኩት በንግግር አይደለም፣ ከበዓል በኋላ ወጥ ቤት ገብቼ የሻይ ስኒ በማጠብ ነው። አንዱ ያጥባል፣ አንዱ በፎጣ ያደርቃል፣ ወሬው ያለው እዚያ ነው። እድር ቤት ድንኳን ተካይና ወጥ አውጪ የሚከበረውን ያህል እዚህም ስኒ አጣቢ ይከበራል። የስልክ ዳሱንም እንዲሁ ነው ያገኘነው። ቴሌፎን ኩባንያው ቀዩን ዳስ ለመንደሮች በ1 ፓውንድ ይሰጥ ነበር፣ ስኒ እያጠብን ስናወራ ሐሳቡ መጣና ፓሪሹ ወሰደው። እኔ መደርደሪያውን ሠራሁ፣ አሁን የመጻሕፍት መዋዋሻ ነው፣ ሁለት የአማርኛ መጽሐፍ አስቀምጬበታለሁ።

ባለቤትሽ «ዝም አይነቅዝም» ማለቱ ስለሚያስብልሽ ነው። ግን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚልም አባባል አለን። ሂጂ ልጄ፣ በርቺ።

ባቄላ_ተካይ፦

ጋሼ፣ ኖርፎክ፣ ግላስጎው፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሄድኩ!

ከስብሰባው በፊት እሁድ ዕለት ጋሼ እንዳሉኝ ጠየቅሁ። መኪና ማቆሚያውን የፈለጉት ለሕፃናት ጨዋታ ቡድን ልጆቻቸውን የሚያመጡ እናቶች ናቸው። አንዷ የልጄ ጓደኛ እናት ናት! ሁለታችንም አናውቅም ነበር። ቤቷ ሻይ ጠጣንና ስለ ጉዳዩ በደንብ አወራን። እሷ የምትፈልገው ጋሪውን ጭቃ ሳይነካው ማውረጃ ቦታ ነው፣ 20 መኪና የሚያቆም ሜዳ አይደለም።

ማክሰኞ ከሰውዬው ጋር ቀድመን ገባን። ወንበር ደረደርን። አባላቱ 7 ነበሩ፣ ሕዝቡ ሃያ ምናምን። የሚታጠፍ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ ጸሐፊዋ ላፕቶፗን ከፍታ፣ ማሞቂያው እየጮኸ። ስሜ ሲጠራ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወረቀቴ ላይ ስድስት መስመር ነው የጻፍኩት። ከፋይ ነኝ አልኩ፣ ለዓመታት አርሼዋለሁ አልኩ፣ ከዛ የኖርፎክን ጥያቄ ጠየቅሁ፦ መሬቱ የተያዘው ለምን ዓላማ ነው?

ጸጥ አለ። ሰብሳቢው ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። ጸሐፊዋ «ማጣራት አለብኝ» አለች። ከዛ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። ሰውዬው ሳይጠሩ ተነሱና አባታቸው እዚሁ ሜዳ ላይ ቁራሽ እንደነበራቸው፣ እሳቸውም በልጅነታቸው ድንች ሲለቅሙበት እንደነበር ተናገሩ። ድምፃቸው ተቆራረጠ። ተቀመጡና እጄን ያዙኝ። ቀጥላ የልጄ ጓደኛ እናት ተነስታ በሩ ጎን ያለው የተተወው ጥግ ለማውረጃ ይበቃል ብላ ተናገረች።

አልተወሰነም። ተራ ቁጥር 9 የመሬቱ ወረቀት እስኪገኝ ወደ ሚቀጥለው ወር ተላልፏል፣ ጸሐፊዋም ካውንቲው ቤተ መዛግብት ልትጠይቅ ነው። ወረቀቱ እንደፈራነው ሆኖ ሊገኝም ይችላል፣ አውቃለሁ። ግን ቅዳሜ ጠዋት ሦስት አባላት መጥተው ያንን ጥግ በሜትር ይለኩታል፣ እኛም ተጠርተናል። ለወረፋ የተመዘገቡ 4 ሰዎችም አግኝቻለሁ፣ ለስድስት ሁለት ነው የቀረኝ።

ግልጹን_ልናገር፣ ወንድሜ፣ አንዷን አባል ስለ ፍጥነት ጉዳይ ለካውንቲ እንዴት እንደሚጻፍ ከስብሰባው በኋላ ስኒ ሳጥብ ጠይቄልሃለሁ። ሌላ መንደር ላይ ያደረጉትን ደብዳቤ ቅጂ ልትሰጠኝ ቃል ገብታለች፣ ሲደርሰኝ እልክልሃለሁ።

ባለቤቴ ደግሞ ቅዳሜ ሜትሩን እኔ እይዛለሁ ብሏል።

ግልጹን_ልናገር፦

ላኪልኝ። ፎቶዎቹ አሁንም አሉኝ።

ኖርፎክ_ገጠሬ፦

ጎበዝ! ቅዳሜ የተለካውን ቁጥር ጽፈሽ ያዢ፣ ቀኑንም። የሚቀጥለው አጀንዳ ከስብሰባው ቢያንስ 3 ሙሉ ቀን ቀድሞ መለጠፍ አለበት፣ ሰሌዳውን በየቀኑ እያየሽ። አጀንዳው ላይ ያልሰፈረ ነገር ላይ መወሰን አይችሉም።

ነጭ ሽንኩርቱንስ ተከልሽ? ጥቅምት እያለቀ ነው።

ባቄላ_ተካይ፦

ትናንት ሁለት መደብ ተከልኩ፣ ያው በደቡብ በኩል። ሰውዬውም ባቄላቸውን በኅዳር ነው የሚዘሩት፣ ዘንድሮ ግማሹን ለእሸት ብለው ለብቻው ሊዘሩ ነው።